ያልተማርነው ምዕራፍና አንድ እርማት

(በቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ ግንኙነት ላይ ከ1988 ዓ.ም. ተመራቂዎች በአንዱ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከመጣህ አይቀር ስለ ሥራህ ሃያ ደቂቃ ተናገር» ሲለኝ እሺ አልኩ። ርእሱን ሲጠይቁኝ «ቤተሰቤን ይዤ በረዶ ላይ ልንሸራተት ስለሄድንበት ቀን» ብዬ ጻፍኩላቸው። ወዲያው ስልክ ተደወለ። «የምርህን ነው?» አሉኝ። የምሬን ነው። ትንሽ ታገሡኝ እንጂ ነገሩ ወደ ውሃ መምጣቱ አይቀርም። አርባ ምንጭ የተማረ ሰው ወሬ ጀምሮ ውሃ ላይ ሳይደርስ አያቆምም።

የሃይድሮሎጂ መጽሐፋችንን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ላይብረሪ ውስጥ የነበረው ጥቂት ኮፒ ስለሆነ ተራ ይዘን ነበር የምናነበው። ከመካከሉ ስለ በረዶ መቅለጥ የሚያስረዳ አንድ ምዕራፍ ነበረበት። መምህራችን፣ ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሳያቸው ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም፣ እዚያ ሲደርሱ ገጾቹን ባንድ እጃቸው ሰብስበው ገለበጡና «ይህ እኛን አይመለከትም፤ ወደ ጎርፍ እንለፍ» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በመስኮት የሚገባው የአባያ ሙቀት ደብተራችንን ክንዳችን ላይ ያጣብቀው ነበር፤ ስለ በረዶ ማን ያስባል? ፈተና ላይም አልመጣም። እኔን ግን ያ ምዕራፍ ዴንቨር ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

በ1993 ዓ.ም. በዲቪ ኮሎራዶ ገባሁ። ትልቋ ልጄ እዚያው ተወለደች፣ አሁን 14 ዓመቷ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ 11። ዴንቨር ያደገ ልጅ ሰኞ ጧት ትምህርት ቤት ሲገባ የሚያወራው ስለ ተራራው ነው። ልጄ በየክረምቱ ትጠይቀኛለች። «አባዬ፣ ከክፍላችን ስኪ የማላውቅ እኔ ብቻ ነኝ።» እኔም በየክረምቱ «ውድ ነው፣ እግርም ይሰብራል» እላታለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። በደራው ወቅት የአንድ ቀን የሊፍት ትኬት በመስኮት ልግዛ ብትሉ ለአንድ ሰው ከ200 ዶላር በላይ ይጠይቃችኋል፤ አራት ሆኖ መሄድ ማለት የወር ኪራይ ማለት ነው። ግን እምቢ የምለው በገንዘቡ ምክንያት አልነበረም። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ የምለው አለቀብኝ። የወቅቱ ማብቂያ ስለሆነ የማደሪያው ዋጋ ወርዷል፣ ትኬቱንም ባለቤቴ አስቀድማ በቅናሽ ገዝታለች፤ ልብሱን ደግሞ ከሰልባጅ ሱቅ ሰብስባዋለች። የኔ ሱሪ ብርቱካንማ ነበር። ልጆቹ «መንገድ የሚሠራ ሰው ትመስላለህ» አሉኝ። ጾም ላይ ስለነበርን እንጀራውን ከአውሮራ ገዝተን፣ ሽሮውንና ምስሩን በዕቃ ይዘን ወጣን።

ተራራው ብሬክንሪጅ ይባላል፤ ከዴንቨር አየር ማረፊያ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከተማው ያለው 2,926 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ባለቤቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ይህን ብነግራት «ከኛ አገር በምን ይበልጣል? ምኑን ነው የምታስፈራራኝ?» አለችኝ። ከከተማው በላይ ከቁጥር 6 እስከ ቁጥር 10 የሚባሉ አምስት ተራሮች ተደርድረዋል። እንደ ቀበሌ በቁጥር ነው የሚጠሩት። መንሸራተቻው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ዛሬ ወደ 1,200 ሄክታር ይሆናል። የላይኛው የወንበር ሊፍት 3,914 ሜትር ድረስ ያወጣል፤ በሰሜን አሜሪካ ከዚያ በላይ የሚደርስ የወንበር ሊፍት የለም። እንጦጦን ከታች ትቶት የሚሄድ ወንበር አስቡ፤ እግርህ አየር ላይ ተንጠልጥሎ።

እዚህ ላይ ስለ በረዶው ራሱ ትንሽ ልበል። አማርኛችን በዚህ በኩል ስስታም ነው፤ ቆርቆሮ የሚደበድበውም በረዶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ፣ እንደተባዘተ ጥጥ የሚወርደውም በረዶ ነው። እኔ የምለው የመጨረሻውን ነው። አዲስ ሲወርድ አየር የሞላው ስለሆነ አንድ ሜትሩ ቢቀልጥ አሥር ሳንቲ ሜትር ውሃ ቢሰጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። ወራት እየቆየ ሲሄድ ግን በገዛ ክብደቱ ይጫናል፣ ቅንጣቱ ይለወጣል፤ ሚያዝያ ላይ ያው አንድ ሜትር አርባና ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ውሃ ይይዛል። አንዱን ኪሎ ለማቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ይፈልጋል። ያ ሙቀት ያንኑ ኪሎ ውሃ ከዜሮ ተነስቶ 80 ዲግሪ ሊያደርሰው ምንም አይቀረው። ስለዚህ ፀሐይ ወጣ ብሎ ተራራው ባንድ ጊዜ አይናድም፤ ቀስ እያለ እስከ ሰኔ ይለቃል። ግድብ ያልተሠራለት ማጠራቀሚያ ማለት ነው። እኛ የክረምቱን ዝናብ ለመያዝ ኮንክሪት እናፈሳለን፤ እነሱ ግማሹን ሥራ ብርዱ ይሠራላቸዋል። በየተራራው ሥር ፈሳሽ የተሞላ ትራስ መሰል መሣሪያ አንጥፈው፣ ላዩ ላይ ያረፈውን በረዶ እየመዘኑ፣ በበጋ ምን ያህል ውሃ እንደሚመጣ አስቀድመው ያሰላሉ። የኔታ፣ ያ የዘለልነው ምዕራፍ ይህ ነበር!

የወቅቱ መጨረሻ በረዶ ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ ጠባዩን ይለውጣል። ሌሊት ውስጡ ያለው ውሃ ስለሚረጋ ጧት የሲሚንቶ ወለል ነው። አራት ሰዓት አካባቢ ላዩ ለስለስ ይልና ቅንጬ ይመስላል፤ የሚያውቁት ሰዎች የሚወዱት ይህን ሰዓት ነው። ከምሳ በኋላ ቀጥኖ ሊጥ ይሆናል። ይህን ሁሉ መኪና ውስጥ ለቤተሰቤ በሰፊው ገለጽኩ። «አራት ሰዓት እንገባለን፣ ስምንት ሰዓት እንወጣለን፤ ከስምንት በኋላ ማንም ተራራው ላይ እንዳይቆይ» ብዬ እንደ አለቃ አዘዝኩ። ይህችን ትእዛዝ ያዙልኝ።

ከከተማው ወደ ተራራው በነፃ የሚያወጣ ጎንዶላ አለ። ተሳፈርን። ጫማው ከባድ ነው፤ ቁርጭምጭሚትን እንደ ጀሶ ቀፍድዶ ይይዛል፣ ሲራመዱበት ያንገዳግዳል። ጀማሪዎች የሚለማመዱበት ሜዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ ቆማችሁበት ቀስ እያለ ሽቅብ ይወስዳችኋል። የአራት ዓመት ሕፃናት ከፊቴም ከኋላዬም ተሰልፈዋል። አስተማሪዋ የስኪዎቹን ጫፍ ከፊት አገናኝተን ከኋላ እንድንከፍት አሳየችን። ቅርጹ የተቆረጠ ፒዛ ስለሚመስል ልጆቹን «ፒዛ! ፒዛ!» እያለች ታስቆማቸዋለች። እኔንም «ፒዛ!» አለችኝ። ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ በፒዛ ታዘዝኩ።

ልጄ ከምሳ በፊት አረንጓዴውን መንገድ፣ ማለት የጀማሪውን፣ ለብቻዋ ትወርድ ጀመር። ወንድሟ ፍርሃት የሚባል አልፈጠረበትም። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ወድቃ ነገሩን ካየች በኋላ «የኔ ትምህርት በቅቶኛል» ብላ ከታች ፀሐይ ላይ ተቀመጠች፤ ሽሮውን ስትከፍት የጎረቤት ጠረጴዛ ሁሉ ዞሮ አየ። እኔ ግን ገባኝ። እውነት ነው የምላችሁ፣ አንድ ጊዜ ሳልወድቅ ከላይ እስከ ታች ወረድኩና ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተከፈተ። ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ እያልኩ ስምንት ሰዓት አለፈ። ባለቤቴ ከታች ሰዓቷን እያሳየችኝ ነው፤ እንዳላየ ሆንኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊጡ ውስጥ ገባሁ። እግሬን የሆነ ሰው ከታች የያዘው መሰለኝ፤ ስኪው ቆመ፣ እኔ አልቆምኩም። ጉልበቴ ተጠመዘዘ።

ቀይ ጃኬት የለበሱ የተራራው ነፍስ አድን ሠራተኞች መጡ። እንደ ታንኳ ያለ መጎተቻ አላቸው፤ አስተኝተው፣ ጠቅልለው፣ አንዱ ከፊት ይዞ ይወርዳል። ልጄ ስኪዬን ተሸክማ ከጎን ከጎን እየተከተለች ነው። ብርቱካንማ ሱሪዬን ብርድ ልብሱ ስለሸፈነው ደስ አለኝ። ጉልበቱ ደህና ነበር፤ ጅማቱ ተለጥጦ እንጂ አልተበጠሰም። በትእዛዝ ሰጪው ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

መኪናችን ያለው ታች ከተማ ስለነበር በጎንዶላው ወርደን፣ ባለቤቴ መኪናውን ልታመጣ ሄደች። እኔ ጎዳናው ዳር ልጄ ትከሻ ላይ ተደግፌ ቆሜያለሁ። መንገደኛ የሚያመላልስ አንድ ሚኒባስ አጠገባችን ቆመ። ሾፌሩ፣ ሰላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተና ስኪ፣ ሻንጣ፣ ጫማ ያወርድ ጀመር። ረጅሙን ስኪ ሲያወርድ ጫፉን በግራ እጁ ይዞ፣ የመኪናው ጣራ እንዳይጫር በክርኑ ይከላከላል። እኔ ያን ክርን አውቀዋለሁ። እግሬን አንቀሳቅሼ አመመኝና «ኧረ እግዚኦ» ስል ዘወር አለ።

«ጋሼ፣ ምነው? ተጎዱ እንዴ?»

መጥቶ ደገፈኝና የሚኒባሱ ደረጃ ላይ አስቀመጠኝ። አገሩን ጠየቅሁት፣ ነገረኝ። በአካውንቲንግ ተመርቆ ባንክ ይሠራ ነበር፤ ከመጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። «በረዶ ሲጥል ሰንሰለቱን ማሰር ነው የሚከብደኝ» አለኝ። እኔም ሳላስበው፣ አፌ ቀድሞኝ፣ «መጀመሪያ መኪናው ላይ ከመውጣትህ በፊት ጋራዥ ውስጥ በደረቅ ተለማመደው፤ ጓንትህን ሁለት ጥንድ ያዝ፣ አንዱ ይረጥባል። ዋሻው ከመድረስህ በፊት ያለው ማሰሪያ ቦታ ላይ ደግሞ ከከባድ መኪኖቹ ኋላ አትቁም» አልኩት። ልጁ አየኝ። «ጋሼ፣ እርስዎም ነድተዋል?»

«ስምንት ዓመት» አልኩ። «ይህንኑ መንገድ።»

ልጄ ትከሻዋን ከክንዴ ሥር አወጣች። አልተቆጣችም፤ ፊቴን ለማየት ነው። ሰምታ አታውቅማ።

እንግዲህ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ከ1994 እስከ 2002 ዓ.ም. ሥራዬ ከአየር ማረፊያ ወደ እነዚህ ተራሮች ሰው ማመላለስ ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴ ሦስት። ዲግሪዬን ይዤ በየመሥሪያ ቤቱ ዞሬ ነበር፤ «አርባ ምንጭ የት ነው?» ይሉኛል፣ ፎርም ይሰጡኛል፣ ከዚያ ዝም። የነዳሁለት ድርጅት ክፉም ደግም አልነበረም፤ ደመወዙ ትንሽ ስለነበር የምንኖረው በጉርሻ ነው። ስኪ የሚያወርድ ሾፌር የሰው እጅ እያየ ነው የሚያወርደው። ለልጄ «ስኪ አንሄድም» ስላት የነበረው ምክንያት ይህ ነው፤ ያን በር ሌላ ሰው ሲከፍትልኝ ማየት አልፈለግሁም።

የባሰውን ልንገራችሁ። መንገዱ በዋሻ ያልፋል፤ አይዘንሃወር የሚባል፣ 3,400 ሜትር ግድም ላይ ተራራውን የሚበሳ፣ 2.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው። የውሃ ከፋዩ ከራስህ በላይ ነው፤ ስትገባ የነበረው ውሃ ወደ ሚሲሲፒ የሚሄድ፣ ስትወጣ ያለው ደግሞ የኮሎራዶ ወንዝ ገባር። ወርደህ ስትጨርስ በስተግራ የዲሎን ግድብ ይታይሃል። 70 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ተጠናቀቀ፤ ሲሠራ የዲሎንን ከተማ ራሷን ከቦታዋ አንስተዋታል። 317 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። ከሥሩ 37 ኪሎ ሜትር ተኩል የሚሆን የውሃ ዋሻ ተራራውን በስቶ ውሃውን ወደ ዴንቨር ይወስደዋል። የብሬክንሪጅ በረዶ ሲቀልጥ ብሉ በሚባለው ወንዝ ወርዶ እዚያ ይገባል። እኔ ደግሞ የሃይድሮሊክ መሐንዲስ ነኝ። በቀን አራት ጊዜ በአጠገቡ አልፋለሁ፤ ከኋላዬ ሰዎች ስለ ሆቴል ያወራሉ።

በ1998 ዓ.ም. ይህ ማኅበር የኛን ባች አሥረኛ ዓመት አስቦ መጽሔት ሲያዘጋጅ አጭር ታሪካችንን እንድንልክ ጠየቀን። የካቲት ነበር። ሮቤል ተክለማርያም በቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በስኪ የተወዳደረበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት በክረምት ኦሎምፒክ አገራችንን የወከለ አልነበረም። እኔ መንገደኛ እየጠበቅሁ የአንድ ሆቴል መግቢያ ላይ በቴሌቪዥን ባንዲራችንን በረዶ ላይ አየሁ። እንግዳ ተቀባዩ «ያንተ አገር ሰው ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩ፣ ኮራሁ። በዚያው ቀን ማታ ወደ እናንተ የላክሁት ወረቀት ግን «የውሃ ሀብት ባለሙያ፣ ኮሎራዶ» ይላል። ታትሟል። መጽሔቱ ያላችሁ ቤታችሁ ስትገቡ እዩት። ውሸት ነበር።

ያኔ ከናንተ መካከል ሁለት ልጆች ደብዳቤ ጻፉልኝ። «ዲቪ ደርሶናል፣ አንተ በሙያህ ስለገባህ መንገዱን አሳየን» የሚል። አንደኛው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። ምን ብዬ ልመልስ? አልመለስኩም። እሱም ስድስት ዓመት የመኪና ማቆሚያ ጠበቀ፤ ኋላ ነው የሰማሁት። ብነግረው ኖሮ የት ፈተና እንደሚሰጥ፣ የትኛው ወረቀት እንደሚጠቅም፣ የትኛው ጊዜ እንደሚያባክን ያውቅ ነበር። የማውቀውን ያህል ማለቴ ነው፤ ያኔም ቢሆን ጥቂት ነገር አውቅ ነበር።

በመጨረሻ እንዴት ወጣሁ? ኮሎራዶ ውስጥ የውሃ ማጣሪያ ኦፕሬተር ለመሆን የሚሰጥ የብቃት ፈተና አለ፤ ከዲ ይጀምርና በሲ፣ በቢ አድርጎ ኤ ላይ ይደርሳል። ማንም «አርባ ምንጭ የት ነው?» አይልህም፤ ትፈተናለህ፣ ታልፋለህ ወይ ትወድቃለህ። መንገደኛ አድርሼ የመልስ ሰዓት እስኪደርስ ዲሎን ግድቡ አጠገብ ሚኒባሱን አቆምና አነባለሁ። ዲን እዚያ አጥንቼ ነው ያለፍኩት። ከዚያ አንዲት ትንሽ ከተማ የውሃ አገልግሎት በሌሊት ፈረቃ ቀጠረችኝ። ዛሬ ኤ አለኝ፤ ማጣሪያውን የምመራው እኔ ነኝ። ኢንጂነር የሚለውን ማዕረግ ግን በዚያ አገር እስከ ዛሬ አላገኘሁም። በመግቢያ ካርዴ ላይ የተጻፈው ሌላ ነው፤ ሲያስተዋውቁኝ «ኢንጂነር» ያላችሁኝ በአገር ወግ ነውና እቀበላለሁ።

ወደዚያ ቀን ልመለስና ልጨርስ። ለሾፌሩ ልጅ ስልኬን ሰጠሁት። በማግስቱ ደወለ፤ ለካ የሚፈልገው የሒሳብ ሥራ ነው፣ እኔ ስለዚያ የማውቀው የለም፤ የማውቀው ሰው ግን አለኝ። ጉርሻ ልሰጠው ኪሴ ስገባ «ጋሼ፣ ይተዉ እንጂ!» ብሎ ተቆጣኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ትነዳለች፣ እኔ እግሬን ዘርግቻለሁ። ልጄ ከኋላ ሆና ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «እማዬ ታውቅ ነበር?» አለች። ባለቤቴ «ጓንቱን የማደርቅለት እኔ ነበርኩ» አለቻት። «ታዲያ ለምን ለኔ አልነገርከኝም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ትንሽ ቆይታ «የምታቆምበትን ቦታ አሳየኝ» አለች።

ዲሎን ስንደርስ በግድቡ በኩል ወዳለው መንገድ ታጠፍን። ባለቤቴ ሳልነግራት ነው የቆመችበት። ሐይቁ ከዳር ከዳር ቀልጦ መሀሉ ገና ነጭ ነበር። ልጄ ወርዳ ዳሩ ላይ ቆመች፤ ወንድሟ ድንጋይ ይወረውራል። «እዚህ ምን ታደርግ ነበር?» አለች። «አጠና ነበር» አልኳት። «ምን?» «ክሎሪን።» ሳቀች። ከዚያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ በየት በኩል ዋሻው ውስጥ እንደሚገባ፣ የኛ ቤት ቧንቧ እስኪደርስ ምን እንደሚሆን ጠየቀችኝ። ከመቼውም የረዘመ ሌክቸር ነው የሰጠሁት። ወንድሟ ራበኝ እስኪል ድረስ።

የመጽሔቱ አዘጋጆች እዚህ አላችሁ። በዘንድሮው እትም በስሜ ሥር የ1998ቱን ሰርዛችሁ ይህን ጻፉልኝ፦ «ከ1994 እስከ 2002 ዓ.ም. የሚኒባስ ሾፌር፣ ከዴንቨር እስከ ብሬክንሪጅ። ከ2002 ጀምሮ የውሃ ማጣሪያ ኦፕሬተር።» ስልክ ቁጥሬንም ለጽሕፈት ቤቱ ትቻለሁ፤ ለሚጠይቅ ሁሉ ስጡት። የሌሊት ፈረቃ የለብኝም፣ በፈለጋችሁት ሰዓት ደውሉ።